ካሜራው ከወዴት ሆኖ ያየናል? ስለ ክሬን፣ ስለ ዶሊና ስለ እኛ ፊልሞች

ስለ ፊልም ስንነጋገር አብዛኛውን ጊዜ የምናነሣው ታሪኩንና ተዋንያኑን ነው። ካሜራው ከምን ላይ እንደ ቆመ፣ ማን እንደ ገፋው፣ ከመሬት ስንት ክንድ ከፍ እንዳለ የሚጠይቅ የለም። እኛም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ አልጠየቅንም ነበር። ጥያቄውን ያመጣብን በአፉላ ኢሊት የሽማግሌዎቻችንን ትዝታ በፊልም ለማስቀረት የተጀመረው ሥራ ነው።

ወጣቶቹ ለሽማግሌዎቹ የሚቀርበው ጥያቄ ተጽፎ ሳያልቅ ክሬን እንከራይ አሉ። ምክንያታቸው መጥፎ አልነበረም። ሠፈሩ የተሠራው በሞሬ ኮረብታ ጎን ላይ ስለሆነ ካሜራው ጥቂት ከፍ ቢል የኢይዝራኤል ሸለቆ ከነእርሻው ይዘረጋል። ገንዘቡ ግን የሚበቃው ከሁለት ለአንዱ ብቻ ነበር፤ ወይ ለአንድ ቀን ክሬን፣ ወይ ለብዙ ቀን ሐዲድና ጋሪ። ክሬኑ አሸነፈ። በቀጠሮው ቀን አንዲት እናት ከደጃቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው በጎንደር ትተውት ስለ መጡት ቤት ሲናገሩ የብረቱ ክንድ ከራሳቸው በላይ ዞረ። እሳቸውም ንግግራቸውን አቋርጠው ቀና አሉና፣ «ልጄ፣ ምነው ከላይ ሆነህ ታየኛለህ? ውረድና ተቀመጥ እንጂ» አሉት። ልጁ «እማማ፣ እኔ እዚህ ታች ነኝ፤ ያ ማሽኑ ነው» ቢላቸው፣ «ታዲያ የማወራው ላንተ ነው ወይስ ለእሱ?» ብለው መለሱለት። ሁላችንም ሳቅን። ማታ ምስሉን ስናየው ግን ሳቁ ጠፋ። የነጠላቸው ጫፍ አለ፣ የወንበሩ መደገፊያ አለ፣ የጎረቤቱ ጣራ ከነዱድ ሼሜሹ አለ፣ ሸለቆውም አለ። ፊታቸው የለም።

ይህን የምናነሣው ወጣቶቹን ለመውቀስ አይደለም። እነሱ ያደረጉት በሲኒማና በቴሌቪዥን ያዩትን ነው። ስለ እኛ የተሠሩት ፊልሞችና የዜና ምስሎች ካሜራውን ብዙ ጊዜ ከሁለት ቦታ በአንዱ ያስቀምጡታል፤ ወይ ከላይ፣ ወይ በሚንቀጠቀጥ ትከሻ ላይ። ከጎናችን ሆኖ፣ በተቀመጠ ሰው ዓይን ልክ፣ በእኛው እርምጃ የሚሄድ ካሜራ እምብዛም አናገኝም። ጉድለቱ የገንዘብ ብቻ ነው ብለን አናምንም።

በሥራው ውስጥ ላልነበረ አንባቢ ስለ ዕቃዎቹ ጥቂት እንበል። ዶሊ የሚባለው ካሜራውንና ካሜራማኑን ተሸክሞ የሚሄድ ባለ ጎማ ጋሪ ነው። መሬቱ ሸካራ ከሆነ ከሥሩ ሐዲድ ይነጠፋል። ሐዲዱን የሚያነጥፈው ሠራተኛ እንደ ግንበኛ ውሃ ልክ ይዞ ያጎነብሳል፤ ዝቅ ያለውን በእንጨት ሽብልቅ እያነሣ፣ መጋጠሚያውን በጣቱ እየዳሰሰ ያስተካክላል። ጥቂት ሴኮንድ ለሚቆይ ምስል የሚደክመው ድካም ብዙ ነው፤ እንደ አፉላ ኢሊት ባለ ቁልቁለት ላይማ የባሰ ነው። ከዚያ በኋላ ገፊው አለ። የእሱ ጥበብ ጋሪው መቼ እንደ ተነሣና መቼ እንደ ቆመ ተመልካች እንዳያውቅ ማድረግ ነው። ከዘራ ይዞ የሚራመድን ሽማግሌ ከጎን እየተከተለ የሚገፋ ሰው፣ የሽማግሌውን እርምጃ፣ የሚያርፍበትንም ቦታ አስቀድሞ መልመድ አለበት። በሌላ አነጋገር ሽማግሌውን ማወቅ አለበት።

ክሬን ግን እንደ ገበያ ሚዛን ነው። በአንዱ ጫፍ ካሜራው፣ በሌላው ጫፍ ክብደቱን የሚያስተካክል ብረት ይንጠለጠላል። በትልልቆቹ ክሬኖች ላይ ካሜራማኑ ራሱ ከጫፉ ይቀመጣል፤ ሥራው ቢያልቅም ከወዲያኛው ጫፍ ብረቱ እስኪቀነስ ድረስ መውረድ አይፈቀድለትም፤ ዘሎ ቢወርድ ሚዛኑ ይናጋና ክንዱ ወደ ሰማይ ይወረወራል። በትንንሾቹ ደግሞ ከላይ የሚወጣው ካሜራው ብቻ ሲሆን ሰውየው ከታች ሆኖ በመስታወት እያየ ያዛል። እናታችን ግራ የገባቸው በዚህኛው ነው። ዛሬ ድሮን የሚሉት በራሪ መሣሪያ የክሬኑን ሥራ በርካሽ ስለሚሠራ፣ ከላይ ማየት ከቀድሞው ይልቅ ቀላል ሆኗል።

ጋሪው ከክሬኑ ይቀድማል። ጣሊያናዊው ጆቫኒ ፓስትሮኔ በ1914 ለእይታ በበቃው «ካቢርያ» በተባለው ፊልሙ ካሜራውን በጋሪ ላይ አድርጎ በዝግታ ወደ ተዋንያኑ እንዲቀርብ ስላደረገ፣ አካሄዱ ለጊዜው በፊልሙ ስም ይጠራ ነበር። በ1924 ጀርመናዊው ሙርናውና ካሜራማኑ ካርል ፍሮይንድ ካሜራውን በብስክሌት ላይም በሰው ደረት ላይም አሰሩት። ሆሊውድ ደግሞ በ1929 «ብሮድዌይ» ለተባለ የሙዚቃ ፊልም እጅግ ግዙፍ ክሬን አሠራ። ልብ በሉ፤ ክሬኑ የመጣው ለትርኢት ነው።

የካሜራ ጉዞ የምግባር ጉዳይ ነው የሚለውን ክርክር ያስነሡት ፈረንሳዮቹ ናቸው። ነገሩ እኛንም የሚነካ ነው። ጣሊያናዊው ጂሎ ፖንቴኮርቮ ስለ ናዚ ማጎሪያ ካምፕ በሠራው «ካፖ» በተባለው ፊልም ውስጥ አንዲት እስረኛ ራሷን ኤሌክትሪክ ባለበት የሽቦ አጥር ላይ ጥላ ትሞታለች። በዚያች ቅጽበት ካሜራው በጋሪ ወደ ሬሳዋ ይጠጋል፤ የተዘረጋው እጇም በምስሉ ጥግ አምሮ እንዲገባ ከሥር ወደ ላይ ያስተካክላታል። ዣክ ሪቬት የተባለው ሐያሲ፣ በኋላም ፊልም ሠሪ፣ በ1961 ካየ ዱ ሲኔማ በተባለው መጽሔት ላይ በጻፈው ሂስ ይህን አካሄድ የመረጠ ሰው ሊናቅ ይገባዋል ሲል ፈረደ። ፍርዱ ከባድ ነው፤ እኛ ለፖንቴኮርቮ ያን ያህል አንጨክንበትም። ቢሆንም የሪቬት ጥያቄ በሱዳን በረሃ ዘመዱን ቀብሮ ለመጣ ሰው የመጽሐፍ ጥያቄ አይደለም። በዚያ መንገድና በካምፖቹ ውስጥ 4,000 ያህል ወገኖቻችን እንዳለቁ ይገመታል። ፊልም ሠሪ ያን መቃብር ሲያነሣ ካሜራውን ከወዴት ያቆማል? በክሬን ከፍ ብሎ የመቃብሩን ብዛት ያሳየናል? በጋሪ ተጠግቶ ያሳምረዋል? ወይስ እንደ ቀባሪ ዘመድ ትንሽ ራቅ ብሎ ይቆማል?

ከላይ የሚያየውን ካሜራ አስቀድመን እንመልከት። የዘመቻ ሰሎሞን ምስሎች፣ የግንቦት 24 እና 25 ቀን 1991 ማለታችን ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)፣ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው መምጣቱን ለዓለም አሳይተዋል። በግንባራችን ላይ ቁጥር እንደ ተለጠፈብን፣ ከአውሮፕላን ወለል ላይ እንደ ተጠጋጋን፣ ነጠላችንን እንደ ለበስን እንታያለን። ያ የዜና ካሜራ ሥራ ነው፤ የሚቆጥርና የሚያስደንቅ ነው፤ በችኮላ ቀን ከዚያ የተሻለ አይጠበቅም። የሚያሳዝነው ጊዜና ገንዘብ ያላቸው ፊልሞች ያንኑ ዓይን መውረሳቸው ነው። ጊዲዮን ራፍ የሠራውና በ2019 የወጣው የቀይ ባሕር መዝናኛ ፊልም ወገኖቻችን በሱዳን በኩል የወጡበትን ታሪክ ይዞ ሳለ፣ ካሜራው ፊት ለፊት ቀርቦ የሚያውቃቸው የሞሳድ ሰዎቹን ነው። ስደተኞቹ ከጥቂቶች በቀር ሰልፍ ናቸው፤ ጭነት ናቸው። ዕቃ አላነሳቸውም፤ ከናሚቢያ እስከ ደቡብ አፍሪካ ሄደው ነው የቀረጹት። ያነሳቸው ወርዶ መቀመጥ ነው።

ሥግድም እንዲሁ። በዓሉ ከ2008 ወዲህ በክኔሴት ሕግ ብሔራዊ በዓል ሆኖ ስለሚከበር፣ ሔሽቫን 29 ቀን በኢየሩሳሌም የሚሰበሰበውን ሕዝብ ካሜራ ሁሉ ይሻማበታል። ከላይ ሲነሣ ደግሞ በእርግጥ ያምራል፤ ባለ ጥልፍ ጥላዎቹ እንደ አበባ ይፈካሉ። ግን ጥላው የተዘረጋው ለኦሪቱና ለቄሶቹ ክብር ነው፤ የተሠራውም ከሥሩ ቆሞ ለሚጸልይ እንጂ ከሰማይ ለሚያይ አይደለም። ከላይ ያየ ሰው የክብሩን ምልክት ያያል፤ የተከበረውን ግን ያው ምልክት ይሸፍንበታል። የሕዝቡን ብዛት ማሳየት ዋጋ የለውም አንልም፤ በተለይ ለመንግሥትና ለጋዜጣ። ለልጅ ልጆቻችን ግን የቄሱ ከንፈር ሲንቀሳቀስ ማየት ይበልጥባቸዋል። ደግሞስ በባህላችን የተቀመጠ ሽማግሌን ከላይ ቆሞ ማነጋገር ነውር አይደለምን? ልጅ ዝቅ ብሎ ነው የሚጠይቀው።

እዚህ ላይ በ2005 የወጣውን የራዱ ሚሃይሌያኑን «ሂድ፣ ኑር፣ ሁን» የተሰኘ ፊልም ማንሣት ተገቢ ነው። ክርስቲያን እናቱ ከሱዳን ካምፕ ቤተ እስራኤል አስመስላ የሸኘችው ልጅ፣ እስራኤል ደርሶ ጨረቃን እንደ እናቱ ያነጋግራታል። ፊልሙ አንዳንዴ እንባችንን በግድ ይጠይቀናል፤ በዚህ ሐሳብ ግን ትክክል ነው፤ ቀና ብሎ የሚያየው ልጁ ራሱ ነውና።

አሁን ወደ ትከሻው ካሜራ እንምጣ። ይህን የመረጡት በአብዛኛው የራሳችን ልጆች ናቸው፤ ስለዚህም በጥንቃቄ እንናገራለን። ባዚ ጌቴ በ2014 የሠራው «ቀይ ቅጠሎች» በዚያው ዓመት በኢየሩሳሌም የፊልም ፌስቲቫል የምርጥ የመጀመሪያ ፊልም ሽልማት አግኝቷል። መሰጋኒዮ ታደለ የሚባሉ የ74 ዓመት አዛውንት ሚስታቸው ሲሞቱባቸው ቤታቸውን ሸጠው ከልጆቻቸው ዘንድ ሊኖሩ ይነሣሉ፤ የሼክስፒርን ንጉሥ ሊር የሚያስታውስ ታሪክ ነው። አዛውንቱን የሚጫወተው አንጋፋው ደበበ እሸቱ ነው። ካሜራው እንደ ዘጋቢ ፊልም በእጅ ተይዞ ይከተላቸዋል። ምርጫው ከታሪኩ ጋር ይስማማል፤ ቤት ለሌለው ሰው ሐዲድ ቢነጠፍለት ውሸት ይሆን ነበር። ነገር ግን ደበበ ዝም ብሎ መቀመጥ የሚችል ተዋናይ ነው። አዛውንቱ ተቀምጠው የልጃቸውን ቤት ሰዎች ሲያዩ ፊታቸው የረጋ፣ ቁጣቸውም የረጋ ነው። ካሜራው አይረጋም። ሽማግሌውን ከልጆቻቸው የለየው ያ እርጋታ ሆኖ ሳለ ካሜራው በመንፈሱ የልጆቹን ወገን ይዟል። ይህን የምንለው ፊልሙን ስለምንወደው ነው። በሠፈራችንም እንደ መሰጋኒዮ ዓይነት አባት ያልገጠመው ቤት ጥቂት ነው።

ዓለምወርቅ ዳቪድያን በ2018 ያወጣችው «የበለስ ዛፍ» የተለየ ነው። ፊልሙ በኢትዮጵያ ተቀርጾ በአማርኛ የተነገረ ሲሆን፣ ወደ እስራኤል ጉዞ የምትጠባበቀው ሚና የክርስቲያን ጓደኛዋን ኤሊን ከአፈሳ ለማዳን የምታደርገውን ያሳያል። ልጁ የሚደበቀው በበለስ ዛፍ ላይ ነው። በደርግ መጨረሻ ዘመን በአዲስ አበባ የነበረ ሰው አፈሳ ማለት ምን እንደ ሆነ ያውቀዋል፤ እናቶች ልጆቻቸውን የደበቁበት ቁም ሣጥን ሳይቀር ይታወሰዋል። ሰው ሲሮጥ ካሜራውም ቢሮጥ እውነት ነው። የዳንኤል ሚለር ካሜራ ከልጅቱ አይርቅም፤ እሷ የማታየውን እኛም አናይም። እግሮቹን በጦርነት ያጣ ሰው ከዚያው ዛፍ ላይ ራሱን ሊሰቅል ሲል የሚደርሱበት ቦታ አለ። የሪቬትን ጥያቄ ይዘን ፊልሙን ብንመረምረው ያን ትዕይንት የሚያልፍ ይመስለናል፤ ፊልሙ ሰውየውን ለማሳመር ሳይሆን ለማዳን ነው የሚቸኩለው።

እንግዲህ የሚንቀጠቀጠው ካሜራ ሁልጊዜ ስሕተት አይደለም። ስሕተት የሚሆነው ልማድ ሲሆን ነው። ወጣቶቻችን ካሜራውን በትከሻ መያዝ እውነተኛነት፣ በጋሪ ማስኬድ ደግሞ የሀብታም ጌጥ ይመስላቸዋል። በዚህ የተነሣ በፊልም የሚታየው ኑሯችን ሁልጊዜ የሚጣደፍ፣ ሁልጊዜ ፖሊስ የሚያባርረው ሆነ። ያም አለ፤ አንክድም። ግን ቡና የሚፈላበት ከሰዓትም አለ። ሦስተኛው ስኒ እስኪደርስ ካሜራው ጸጥ ብሎ መጠበቅ ቢችል ምን ይጎዳዋል?

ሽሙኤል በሩ በ2008 በሠራው «ዘሩባቤል» ውስጥ ይህን ነገር ሳያስበው የነካው ይመስለናል። በአገሩ የተከበረው አባት፣ ጊታ፣ በእስራኤል መንገድ ጠራጊ ሆኗል፤ የልጅ ልጁ ይስሐቅ ደግሞ እንደ ጥቁሩ አሜሪካዊ ስፓይክ ሊ ፊልም ሠሪ ልሁን ብሎ ትንሽ ካሜራ ይዞ ሠፈሩን ያነሣል። የስፓይክ ሊ ዋነኛ መታወቂያ ታዲያ ምንድን ነው? ዶሊ ነው። ተዋናዩንም ካሜራውንም በአንድነት በጋሪ ላይ አድርጎ ያስኬዳቸዋል፤ ሰውየው ሳይራመድ ይንሳፈፋል፤ ከኋላው ያለው ዓለም ይሸሻል። በ1992ቱ «ማልኮም ኤክስ» ማልኮም ወደሚገደልበት አዳራሽ ሲሄድ እንዲህ ነው የሚታየው፤ ሞቱን እያወቀ የሚሄድ ሰው ክብደት በዚያ ጋሪ ላይ አለ። ይስሐቅ ግን ጋሪ የለውም። ጋሪ ያለው አያቱ ነው፤ የመጥረጊያና የቆሻሻ ጋሪ። እኛ ፊልሙን በተመለከትን ቁጥር ልጁ አንድ ቀን ካሜራውን ከአያቱ ጋሪ ላይ ቢያስቀምጠው ብለን እንመኛለን። መንገዱን በአያቱ ከፍታ፣ በአያቱ ፍጥነት ባየው ነበር።

በገንዘብ እጦት የሚያመካኝ ሰው ቢኖር የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» እናሳየዋለን። ኃይሌ የሎስ አንጀለስ ተማሪ ሳለ በኢትዮጵያ የቀረጸውና በ1976 ለእይታ ያበቃው ይህ ፊልም በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ፣ ተዋናይ ባልሆኑ ገበሬዎች፣ በሁለት ሳምንት ገደማ የተነሣ ነው። ክሬን የለ፣ ግዙፍ መሣሪያ የለ። ካሜራማኑ ኤሊየት ዴቪስ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያና ሩቅ የሚያይ ሌንስ ይዞ ይጠብቃል። ገበሬው ከአድማስ ተነሥቶ እስኪመጣ ይጠብቃል፤ ባለ ርስቱ ከደጁ ተቀምጦ ሲሳደብ እስኪጨርስ ይጠብቃል። ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ የተሰላቸ ሰው እንዳለም እናውቃለን። ሆኖም ባለ ርስቱ ካሜራው ሲያየው ቢውልም ትልቅ ሰው አይሆንም፤ ገበሬው ደግሞ ከሩቅ ቢታይም አያንስም። በ2006 ታድሶ በካን ፌስቲቫል እንደገና ሲታይ ከተሠራ 30 ዓመት አልፎት ሳለ ያልደበዘዘው በዚህ ምክንያት ይመስለናል።

ወደ አፉላ ኢሊት እንመለስ። የክሬኑ ቀን ገንዘቡን ስለ ጨረሰው ለሁለተኛው ቀረጻ ሐዲድ መከራየት አልተቻለም። ከወጣቶቹ አንዷ ራኡል ኩታር የተባለው ካሜራማን በ1960 የወጣውን የጎዳርን የመጀመሪያ ረጅም ፊልም ሲያነሣ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ ይገፋ እንደ ነበር አንብባ ነበርና፣ የአካል ጉዳተኛ ወንበር ተውሳ መጣች። ካሜራማኑ ተቀመጠበት፣ እሷ ገፋችው። የአስፋልቱ ስንጥቅ ምስሉን አራት ጊዜ አናግቶታል፤ በመታጠፊያው ላይ ጎማው ሲጮኽም ይሰማል። ያልጠበቅነው ግን ካሜራው የቆመበት ከፍታ ነው። በወንበር የተቀመጠ ሰው ዓይኑ የሚውለው ሌላው የተቀመጠ ሰው ዓይን ላይ ነው። እናታችን ከደጃቸው ሆነው ሲናገሩ ካሜራው እንደ ጎረቤት ፊት ለፊታቸው አለ። ተነሥተው ወደ ጓሮ ጎመናቸው ሲሄዱ ደግሞ ቀስ ብሎ ከጎናቸው ይሄዳል፤ ሲቆሙ ይቆማል። ገፊዋ የእሳቸው የልጅ ልጅ ስለሆነች የት እንደሚያርፉ ማንም አልነገራትም።

በዕብራይስጡ ገጽ ላይ የሚጽፉት ባልደረቦቻችን በዚህ አይስማሙም። የሚናጋው ምስል ለአዳራሽ አይበቃም፣ ለሚቀጥለው ቀረጻ እውነተኛ ዶሊ ከስድስት ሜትር ሐዲድ ጋር መከራየት አለበት ይላሉ። እኛም ዶሊውን አልጠላንም፤ ውሃ ልክና ሽብልቅ ይዞ አፉላ ኢሊት ዳገት ላይ የሚያጎነብስ ሰው ከተገኘ ቡናውን እናፈላለን። የክሬኑን ምስል ደግሞ አልጣልነውም። ወጣቶቹ ለመጨረሻው ትዕይንት ይሁን ቢሉም ከመጀመሪያው ላይ ገብቷል፤ ሸለቆው፣ ጣራው፣ የነጠላው ጫፍ፣ ከዚያም የእናታችን ድምፅ፣ «ውረድና ተቀመጥ እንጂ»፤ ቀጥሎ ተሽከርካሪው ወንበር።